ዘጠና ቀን ሙሉ አርባ

ሺያን፣ ቻይና፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ አባቴ ለሙሄ ሰይድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። ከታመመው ጉልበትዎ ጀምሮ ጓሮ እስካለችው ማንጎ ድረስ ሁላችሁም እንደምን ናችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ነኝ። ጤናዬን ያስቀደምኩት ታማለች ብላችሁ እንዳትጨነቁ ነው።

«ከዒድ ወዲህ ስልክ የማታነሺው ምን ሆነሽ ነው?» ብለው በእህቴ በኑርሃን በኩል ጠይቀውኛል። አባባ፣ ስልኩ ሲጠራ አያለሁ። እማም ድምፁን ከፍ አድርጋ፣ ጎረቤቱን ሰብስባ እንደምትጠብቀኝ አውቃለሁ። አንዱ ተነሥቶ «ዙልፋ፣ መቼ ነው የምትመረቂው?» ቢለኝ ድምፄ እንዳይከዳኝ ፈራሁ። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት ልጽፍልዎ አሰብኩ። ፎቶ አንሥቼ ለኑርሃን እልካለሁ፤ እሷም ሳታነብ ስልኩን ለእርስዎ ትሰጣለች። ወላሂ አላነብም አስብያታለሁ።

የመመረቂያ ጽሑፌ ፈተና ለዚህ ወር መጨረሻ ነበር የተባለው፤ ትንሽ ገፋ ተደርጓል። መምህሬ ፊርማቸውን ገና አላኖሩበትም። ያለ እሳቸው ፊርማ ደግሞ ለፈተና መቅረብ የለም። ሥራ በዝቶባቸው ነው።

«ሥራ በዝቶባቸው ነው» ያልኩትን መልሼ ሳነበው ልሰርዘው ፈልጌ ነበር። ለዛሬ ይቆይ።

በልጉ ዘነበ? ወንዛችንስ እንዴት ነው? በ2014 ክረምት ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት አብረን የተከልነው፣ ቁጥር የተጻፈበት የውሃ መለኪያ እንጨት አሁንም ቆሟል? በዚያ ጉልበትዎ ዓመት ሙሉ በየማለዳው እየወረዱ ውሃው የቱ ቁጥር ላይ እንደደረሰ በደብተር የጻፉልኝን ሳስብ አሁንም አለቅሳለሁ።

ስለ ዝምታዬ አፉ ይበሉኝ።

ልጅዎ ዙልፋ

ቀወት፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017

ልጄ ዙልፋ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። ደብዳቤሽን ማንጎዋ ሥር ተቀምጬ፣ መነጽሬን በክር አስሬ፣ የስልኩን መስታወት በጣቴ እየገፋሁ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ አምልጦኝ ወደ ኑርሃን ሠርግ ፎቶ ገባብኝ። ኑርሃን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማ ነበር። አላነበበችም፤ ጆሮዋ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ነው። እናትሽ ስልክ ባለማንሣትሽ ተቀይማ ለሁለት ቀን ስምሽን አልጠራችም፤ በሦስተኛው ቀን ግን በርበሬ ይላክላት አለች።

«ሥራ በዝቶባቸው ነው» ትያለሽ። ሃያ ሁለት ዓመት የቅሬ ዳኛ ሆኜ በቀብሩም በእርቁም ስቀመጥ፣ ሥራ በዝቶበት ነው የሚል ምስክር ብዙ ሰምቻለሁ። አንዱም ሥራ የበዛበት አልነበረም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሻለሁ፤ ማንን አስቀየምሽ?

እኔም አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪኝ። ከአረፋ በኋላ በሚመጣው ጁምዓ ለልጄ ምርቃት ዱዓ እናደርጋለን ብዬ ተናግሬአለሁ። የተናገርኩት ከመስጊድ ስንወጣ ሰው ሁሉ በቆመበት ነው። የአጣዬ ዘመዶቻችን ይመጣሉ። የሸዋ ሮቢቱ ልብስ ሰፊ ሙዓዊያ ኮቴን ለክቶ ጨርሷል፤ ሁለት ጊዜም «የኢንጂነሯ አባት» ብሎ ጠራኝ፤ አላረምኩትም። ሰው ባገኘኝ ቁጥር «ልጅዎ ወንዙን ጠልፋ ማሾአችንን በበጋም ታጠጣልናለች» ይለኛል፤ እኔም ኢንሻአላህ እላለሁ። እንግዲህ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ስለ እንጨቱ ጠይቀሻል። እንደቆመ ነው። በልጉ ትንሽ ጣል አድርጎ ተወ። ኑርሃን ሰላም ብላለች።

አባትሽ ሙሄ

ሺያን፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2017

አባባ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። የእርስዎን አንዲት ጥያቄ ይዤ አሥር ቀን ዞርኩ። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። ያስቀየምኩት መምህሬን ነው።

መምህር ሉን በስልክ አሳይቼዎታለሁ፤ ያ ፀጉራቸው ነጭ የሆነው፣ ቀጭኑ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ስመጣ ቋንቋው አልገባኝ ሲል በየቀኑ ምሳ ሰዓታቸውን ሰጥተው ያስተማሩኝ፣ ሐላል ምግብ ቤት ድረስ በእግራቸው ወስደው ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። እዚህ አባት አላጣሁም እልዎት የነበረው በእሳቸው ነው።

ኅዳር ላይ ትልቅ ጉባኤ ነበር። ከሌላ ከተማ የመጡ ምሁራንና ባለሥልጣናት፣ ተማሪውም ተደምሮ ሁለት መቶ ሰው ይሆናል። መምህር ሉ ስለ ቆላ ወንዞች ሲያስረዱ ግድግዳው ላይ መስመሮች አሳዩ። ከመስመሮቹ አንዱ የእኛ ወንዝ ነበር። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዝንፍ ሳይል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ በበጋም ውሃ አይጎድለውም ማለት ነው። እኔ ደግሞ በሚያዝያ እዚያው ወንዝ ውስጥ አሸዋ ጭሬ ውሃ የቀዳሁ ልጅ ነኝ። ቁጥሩን ከሳተላይት ያገኙት መሰለኝ። ደሜ ፈላና እጄን አወጣሁ። «መምህር፣ ይህ ስሕተት ነው፤ እኔ የዚያ አገር ልጅ ነኝ። በእነዚያ ወራት እዚያ ወንዝ ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም» አልኩ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። መምህር ሉ ግን ፈገግ ብለው «ዙልፋ ጥሩ ነገር አስተዋለች፤ አመሰግናለሁ» አሉና ቀጠሉ። አባባ፣ የተደሰቱብኝ መስሎኝ ነበር! እንደ ሞኝ አንገቴን ቀና አድርጌ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ድሮ ጽሑፌን በቀይ እስክሪብቶ አቅልተውት ነበር የሚመልሱልኝ፤ አሁን ንጹሕ እንደሆነ ይመለሳል። በዓመት በዓላቸው እራት ላይ ከጎናቸው ነበር የምቀመጠው፤ ዘንድሮ ምግብ በሚገባበት በር አጠገብ ተቀመጥኩ። ፊርማ ስጠይቃቸው «አይቸኩልም» ይላሉ። ስድስት ወር ሙሉ አይቸኩልም።

የገባኝ በቅርቡ ነው። የምበላበት ምግብ ቤት ባለቤት የቻይና ሙስሊም ናቸው፤ እትዬ ማ እላቸዋለሁ። ነገሩን ስነግራቸው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «እኛ ዘንድ ሚያንዚ የሚባል አለ፤ ፊት ማለት ነው» አሉኝ። «ሰው ፊቱን ለራሱ አያለብስም፤ የሚያለብሱት ሌሎች ናቸው። አንቺ እሳቸው ያለበሱሽን ለብሰሽ ቆመሽ የእሳቸውን በሁለት መቶ ሰው መካከል ገፈፍሽ።» በአማርኛ «እንዴ፣ ይሄማ ይሉኝታ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አልገባቸውም፤ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

አንድ ሳጥን ፍራፍሬ ይዤ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። «ምን ተደረገና? ምንም የለም» አሉ። ፍራፍሬውን ለጸሐፊዋ ሰጧት።

ያንን ኮት ሙዓዊያ ባይሰፋው ምናለ።

ዙልፋ

ቀወት፣ ግንቦት 4 ቀን 2017

ዙልፋ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። «ይቆጡኝ እንጂ ዝም አይበሉኝ» ብለሽ በኑርሃን ስልክ የላክሽውን አይቻለሁ። እሺ፣ እቆጣሻለሁ።

ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ዋርካው ሥር ሽማግሌ ሲቀመጥ እያየሽ አድገሻል። ሽማግሌ ሲሳሳት ምን ይደረጋል? አጠገቡ የተቀመጠው ጋቢውን ጎተት ያደርገዋል። እሱም ውዱእ ላድርግ ብሎ ይወጣል። እዚያው ውጭ በጆሮው ይነገረዋል። ተመልሶ «ቅድም ካልኩት ላይ አንድ ነገር ረስቼ ነበር» ብሎ ራሱ ያቃናዋል። ሰዉ ሁሉ ምን እንደተደረገ ያውቃል፤ ማንም አያወራውም። ይህን የማታውቂ ሆነሽ ነው? ወይስ ባሕር ሲሻገሩ ሰው ሁሉ ፊቱን አውልቆ ይሄዳል ብሎ የነገረሽ አለ? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ልጄ።

ተቆጥቼ ጨረስኩ። አሁን እንደ ዳኛ ልናገር።

ፍራፍሬ ይዘሽ ብቻሽን መሄድሽ ስሕተት ነው። በዳይ ብቻውን አይሄድም፤ ሰው ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው ደግሞ ይህ ነው፤ ተመትቶ ያልመለሰ ሰው ወይ አቅም የለውም፣ ወይ ምክንያት አለው። መምህርሽ አቅም አላቸው። በዚያች ሰዓት ዝም ያሰኛቸውን ፈልጊ። ያ መስመር ከየት መጣ? ቁጥሩን ማን ሰጣቸው? ሳትጠይቂ ነው የተነሣሽው፤ አሁን ጠይቂ።

የእጅ ጽሑፌ እዚህ ላይ ከተበላሸብሽ እርጅና ነው።

ዱዓውን አላስቀረሁም። ምን ብዬ ላስቀረው?

አባትሽ

ሺያን፣ ግንቦት 16 ቀን 2017

አባባ፣

«አገኘሽው ወይ?» ብለው በሦስት ቀን ሁለት ጊዜ አስልከዋል። አዎን፣ አገኘሁት። ከዚህ በኋላ ስለ እኔ ለሰው ምንም አይንገሩ።

ያ መስመር ከሳተላይት አልመጣም። የመጣው ከእኔ ነው። በመስከረም 2016 የእርስዎን ደብተር ተይቤ ለመምህር ሉ የላክሁላቸው ሠንጠረዥ ነበር። ከዓመት በላይ አልፎት፣ ከሌሎች ወንዞች ጋር መስመር ሆኖ ሲመጣ አላወቅሁትም። የድሮ መልእክቶቼን ስከፍት አናቱ ላይ ስሜ በትልቁ ተጽፎ ቁጭ ብሏል። ከመጋቢት አንድ እስከ ግንቦት ሠላሳ፣ ዘጠና ቀን ሙሉ አርባ፣ አርባ፣ አርባ ይላል።

ወደ ረዳታቸው ወደ ሊን ሄጄ «መምህር ያውቁ ነበር?» አልኩት። ወደ መሬት አየ። «ሠንጠረዥሽ በዚያን ቀን ፊታቸው ላይ ነበር» አለኝ። «አንቺ ስትናገሪ እኔ ‹የራሷ ቁጥር ነው!› ልል ስነሣ፣ በጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ያዙኝ።»

አባባ፣ ይህንን እንዴት ልጻፍልዎ። እኔ በሁለት መቶ ሰው መካከል ሳዋርዳቸው፣ እሳቸው ደግሞ እኔን ከውርደት እየሸሸጉኝ ነበር። አንዲት ቃል ቢተነፍሱ መሬት ትውጠኝ ነበር። አልተነፈሱም። ከዚያ ወዲህም ራሴ አግኝቼው እስክመጣ ቀይ እስክሪብቶውን አስቀምጠው ሲጠብቁኝ ከርመዋል። እኔ ደግሞ ፍራፍሬ ይዤ ሄድኩ። እንዴት አድርጌ ዓይናቸውን እንደማይ አላውቅም። ወደ ትምህርት ክፍሉ የምሄደው በኋላ በር ሆኗል።

ስሕተቱ ግን የእኔ ብቻ ነው፤ ይህንን ይወቁልኝ። የእርስዎ ደብተር ትክክል ነበር። ስተይብ አንዱን ቁጥር ይዤ ወደ ታች ስቤው ነው፤ ኮምፒውተሩ ራሱ እየደገመ ይሞላል። ድካም ላይ ነበርኩ። እርስዎ በየማለዳው የደከሙበትን እኔ በአንድ ጣት አበላሸሁት።

ዙልፋ

ቀወት፣ ግንቦት 25 ቀን 2017

ቢስሚላሂ።

ልጄ ዙልፋ፣

ይህንን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀደድኩት። ኑርሃን «አባባ ወረቀት ጨረሰ» ብላ ለእናትሽ ነግራለች።

ጣትሽ አልሳተም። ደብተሩ ራሱ አርባ ነው የሚለው። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ የደብተሩ ፎቶ እጅሽ ላይ አለ። መምህርሽ የረዳታቸውን ጉልበት እንደያዙ አንቺም የእኔን ጉልበት መያዝሽ ነው። አልቀበልሽም።

የሆነውን ስሚ። እስከ የካቲት መጨረሻ በሐቅ ወርጃለሁ። ዝናብ ቢኖርም ጭቃ ቢኖርም አንድ ቀን አልቀረሁም። ያ ዓመት በልጉ የጠፋበት ዓመት ነው። መጋቢት ሲገባ ወንዙ ቆመ። ያኔ የመንደሩ ሴቶች አሸዋ ጭረው ውሃ ያገኙት እንጨቱ አጠገብ፣ ወንዙ ዳር ባለው ዋርካ ጥላ ሥር ሆነ። ማለዳ ማለዳ እዚያ ልብስ ያጥባሉ፤ ገላቸውንም ይታጠባሉ። የመጀመሪያው ቀን ሳላውቅ ወረድኩና ጩኸት ተቀበለኝ። ጋቢዬን ፊቴ ላይ ጥዬ ተመለስኩ። ስልሳ ዓመት የሞላው የቅሬ ዳኛ፣ እርሳስና ደብተር ይዞ ሴቶች ገላ ወደሚታጠቡበት ይወርዳል ቢባል ቀኔ አለቀ ማለት ነው። በማግሥቱ እስከ አፋፉ ሄጄ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ቤቴ ተቀምጬ ለሦስቱም ቀን የመጨረሻውን ያነበብኩትን ቁጥር ጻፍኩ። አርባ። ከዚያማ ለመደኝ።

ለአንቺ ልነግርሽ አልቻልኩም። ምን ልበል? ለሴት ልጅ አባት ይህን ይናገራል? አልችልም እንዳልል ደግሞ «አባባ ከሌሉ ይህ ሥራ የለም» ብለሽኝ ሄደሻል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀምኩልሽ። ወንዙ መድረቁን ዓይኔ እያየ ባዶ ነው ብዬ መጻፍ ራሱ አልታሰበኝም። ቢታሰበኝም፣ ሳልወርድ እንዴት አወቅህ የምትይኝ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚያ መስመር የጻፍሽልኝ ቀን የማን እንደሆነ ገብቶኛል። ቁጥሩ ከየት መጣ ብለሽ ጠይቂ ያልኩሽ አውቄ ነው። አንቺ ራስሽ አግኝተሽ «አባባ፣ ዋሽተውኛል» እንድትዪኝ ነበር የፈለግኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ሰውን እመን እያልኩ ስፈርድ የኖርኩ ሰው፣ ለራሴ ማመን ሲሆን ልጄን ከፊት ሰደድኳት። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው።

እንግዲህ በዳይ ሰው ይዞ ይሄዳል ብዬሻለሁ። ይዘሽ የምትሄጂው እኔን ነው። ጉልበቴ ስለማያደርሰኝ ይህችን በእሳቸው ቋንቋ አድርገሽ አንብቢላቸው።

«ለተከበሩ ለመምህር ሉ። እኔ የዙልፋ አባት ሙሄ ነኝ። በአገራችን የበደለ ሰው የተበዳዩ ደጅ ድረስ ይሄዳል፤ የእኔ ጉልበት ስለታመመ ወረቀቴ መጥታለች። ሠንጠረዡ ላይ ያለው የዘጠና ቀን ቁጥር የእኔ ውሸት ነው። ሴቶች የሚታጠቡበት ስለሆነ መውረድ አፈርኩ፤ አፈርኩ ብዬ መናገርም አፈርኩ። ልጄ የእኔን ውሸት ይዛ እርስዎን ሰው ፊት አዋረደች። እርስዎ ገመናዋን ሸፈኑ። የሸፈኑት ገመና ግን የእኔ ነበር። ቅጣት ካለ ወደ እኔ ይምጣ። ምሕረት ካለ ለእሷ ይሁን።»

ሴቶቹ የሚለውን ማንበብ ካሳፈረሽ ዝለይው።

አባትሽ ሙሄ ሰይድ

ሺያን፣ ሰኔ 3 ቀን 2017

አባባ፣

ዒድ ሙባረክ። «ምን አሉ?» ብለው አረፋን ሙሉ ስልኩን ይዘው እንደዋሉ ኑርሃን ነግራኛለች።

ደብዳቤዎን በእሳቸው ቋንቋ ገልብጬ ጻፍኩት። አልዘለልኩም። በዋናው በር ገባሁ፤ ቢሮአቸው ቆሜ አነበብኩላቸው። ሴቶቹ የሚታጠቡበት ላይ ስደርስ ውሃ ቀድተው ሰጡኝና እስክጨርስ መስኮቱን አዩ።

ሳበቃ እኔም የራሴን ጨመርኩ። ለእርስዎም ያልነገርኩትን ነው። ያኔ ስተይብ አርባዎቹን አይቻቸው ነበር። ወንዙ በሚያዝያ እንደሚደርቅ እያወቅሁ እጄ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ «አባቴን ውሸታም ልል ነው?» አልኩና ተየብኩት። ሆን ብዬ ረሳሁት፤ በኋላም እውነትም ተረሳኝ። አባቴን ለመጠየቅ ያፈርኩት እኔ፣ መምህሬን በሁለት መቶ ሰው ፊት ለማረም አላፈርኩም። ባዕድ ስለሆኑ አይሰማቸውም ብዬ ነው መሰለኝ።

ከዚያ የጠየቁኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው። «አባትሽ ዕድሜያቸው ስንት ነው?» አሉ። ስልሳ ሁለት አልኳቸው። «በአንድ ዓመት ይበልጡኛል» አሉ። ቀጥሎ «ሴቶቹ የሚታጠቡበት ሌላ ቦታ አልነበረም?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። እርስዎስ ያውቃሉ?

ፊርማ አልሰጡኝም። ቁጥሩ በስማቸው በመጽሔት ታትሟል፤ ማረሚያ ያወጣሉ። እኔም አዲስ የዓመት ንባብ ይዤ የዛሬ ዓመት ሰኔ እንድቀርብ ወሰኑ። ማረሚያው ላይ ስሜን ጻፉት ብዬ ለመንኳቸው፤ «እናያለን» አሉ። እዚህ «እናያለን» ማለት አይሆንም ማለት ነው።

እንግዲህ ዘንድሮ አልመረቅም አባባ። ጁምዓ ደርሷል። ለሰዉ ምን እንደሚሉ አስቤ እንቅልፍ የለኝም።

አንድ ነገር ግን አለ። ልወጣ ስል የእርስዎን ደብዳቤ የገለበጥኩበትን ወረቀት ጠየቁኝ። መሳቢያቸውን ከፈቱ፣ ቀዩን እስክሪብቶ አወጡ፣ ቆመው ሦስት ቦታ አረሙልኝ። «ለእንዲህ ያለ አባት ደብዳቤ ቋንቋሽ ጥንቁቅ መሆን አለበት» ብለው መለሱልኝ። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ አየኝ፤ ይየኝ።

ዙልፋ

ቀወት፣ ሰኔ 10 ቀን 2017

ልጄ ዙልፋ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ለመምህርሽ ደግሞ እጥፍ ሰላም። «ለሰዉ ምን አሉት?» ነው ጥያቄሽ።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሰዉ ለዱዓው ተቀምጦ ነበር። ኮቱን ለብሻለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ተሰፍቷል። ተነሣሁና ልጄ ዘንድሮ አልተመረቀችም አልኩ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የእኔ ነው ብዬ የእንጨቱን ነገር ከመጋቢት እስከ ግንቦት ተናገርኩ። መሬት መሬት እያየሁ ነበር። የአጣዬው ዘመዳችን ጋቢዬን ጎተት አደረገኝ፤ ውጣና በኋላ አቃናው ማለቱ ነው። እጁን አወረድኩት። የቅሬ ዳኝነቱንም ለሌላ ስጡት አልኩ።

በመጨረሻ አንዱ «ዱዓው ለተመረቀ ብቻ ነው እንዴ?» አለና ተደረገልሽ። ምግቡም ተበላ። ዳኝነቱን ግን «አይቸኩልም» ብለው አለፉት። መምህርሽ እንዴት ዝም እንዳሉሽ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ዝምታው ከስድብ ይከብዳል።

ለወሬ እግር አያስፈልገውም፤ እኔ ቤት ሳልደርስ ሴቶቹ ዘንድ ደርሷል። በነጋታው እትዬ ዓይሻ ደጃፌ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። በአሥር ዓመት ይበልጡኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል። «አንተ ሙሄ!» አሉኝ። «ሦስት ወር ሙሉ ከምትዋሽ አንድ ቀን አፋፉ ላይ ሆነህ ብታስል ምን ነበረበት? ዝቅ ብለን ማዶ እንታጠብልህ አልነበር!»

ለመምህርሽ ንገሪያቸው፤ ሌላ ቦታ ነበረ። ሃምሳ እርምጃ ዝቅ ብሎ ነበረ። ማሳል ብቻ ነበር የጎደለኝ።

እንግዲህ በየማለዳው ከሱብሒ በኋላ አፋፉ ላይ ቆሜ አስላለሁ። ሴቶቹም ሳቅ እያፈኑ ወደ ማዶ ይሄዳሉ። ዛሬም ወረድኩ። እንጨቱ ሥር አሸዋ ብቻ ነው ያለው። እርሳሱን ስይዝ እጄ አሁንም ወደ አርባ ይሄዳል፤ ያዝኩት። ይህን ጊዜ እትዬ ዓይሻ ከማዶ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሙሄ፣ ዛሬስ ስንት ነው?» አሉ።

ሴቶቹ ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ። እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

«ዜሮ!» አልኩ፣ ማዶ እስኪሰማ። ጻፍኩትም።

አባትሽ ሙሄ ሰይድ